ለልጃችን ዋስ ስንሆን ያልነገርነው

እሁድ ከሰዓት ነበር። ቡናው ቶና ላይ ደርሷል። ልጄ ሲኒውን ሳይጨርስ ረከቦቱ ላይ መለሰና "እማ፣ ባጃጅ መግዛት እፈልጋለሁ" አለኝ። እኔ ዝም አልኩ። አባቱ ቀና ብሎ አየው።

"በምን ገንዘብ?"

"በብድር። እናንተ ዋስ ከሆናችሁኝ ባንኩ ይሰጠኛል።"

ያን ጊዜ 19 ዓመቱ ነበር። መንጃ ፈቃድ ካወጣ ግማሽ ዓመት አልሞላውም። በረካው ተጠጥቶ ጀበናው እስኪቀዘቅዝ ድረስ ማናችንም እሺ አላልንም፤ እምቢም አላልንም። የእኔ ልብ ግን ያኔውኑ እሺ ብሎ ነበር።

ልጄ የ12ኛ ክፍል ፈተና የወሰደው በ2015 ክረምት ነው። ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው፣ እዚያው እያደሩ ነው የተፈተኑት። በዚያ ዓመት በአገር ደረጃ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው ከ100 ተፈታኝ 3 ገደማ ብቻ ነበር። ልጄ ከቀሩት አንዱ ነው። እኔ አስተማሪ ነኝ። የሰው ልጅ ሲወድቅ ምን ብዬ እንደማጽናና አውቃለሁ። የራሴ ሲወድቅ ግን ቃል አጠረኝ። ጠዋት ይወጣል፣ ደሴ ፒያሳ ከጓደኞቹ ጋር ይቆማል፣ ማታ ይመለሳል። ወራት እንዲህ አለፉ። በኋላ መንጃ ፈቃድ አወጣና የሰው ባጃጅ መንዳት ጀመረ። ለባለቤቱ በየቀኑ ገቢ ያስገባል፤ የተረፈውን ለራሱ ይይዛል። የማይተርፈው ቀንም ብዙ ነው። "ለሰው ከማስገባ ለራሴ ባስገባስ?" ይለኝ ነበር። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ዛሬም ትክክል ነው እላለሁ።

ሌላም ነገር አለ። በ2014 ጥቅምት መጨረሻ ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ እኛም እንደ ሕዝቡ ወጣን። ሐረጎን ቁልቁል በእግር ስንወርድ ታናሽ እህቱን አዝሎ ኮምቦልቻ ያደረሳት እሱ ነው። 17 ዓመቱ ነበር። አንድም ጊዜ ደከመኝ አላለም። ከዚያ ቀን ወዲህ ልጅ ነህ ልለው አፌ አይታዘዘኝም። ታዲያ እንዲህ ያለ ልጅ ዋስ ሁኑኝ ሲል እንዴት እምቢ ይባላል?

አባቱ ከእኔ ይበልጥ ፈርቶ ነበር። "ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም" አለ ማታ ብቻችንን ስንሆን። ተከራከርን። ሐይቅ ለሚኖረው አጎቴ ደወልንለት። ቤተሰባችን እንደ ብዙ የወሎ ቤተሰብ ነው፤ በእናቴ ወገን ሙስሊም፣ በአባቴ ወገን ክርስቲያን። አጎቴ "አብሽሪ፣ ልጁ ይሥራ። ግን ወለድ ውስጥ አትግቡ" አለኝ። ስለ ሙራባሃ ያስረዳኝ እሱ ነው። ባንኩ ተሽከርካሪውን ራሱ ይገዛዋል፤ ትርፉን ጨምሮ በተቆረጠ ዋጋ ይሸጥልሃል፤ አንተ በየወሩ ትከፍላለህ። ዋጋው አንዴ ከተቆረጠ አይጨምርም። ጥሩ መንገድ መሰለኝና ጠየቅን። የጠየቅነው ባንክ ግን የሚገዛው አዲስ ባጃጅ ነበር። የእኛ አቅም ደግሞ ያገለገለ ነው። እዚያም ቢሆን ዋስ ይጠየቅ ነበር። ዋስትና በየትም በኩል ብትሄድ ይጠብቅሃል።

በመጨረሻ ወለድ ወዳለው ሄድን። ባጃጁ 380 ሺህ ብር ነበር። 130 ሺውን ከቤት አወጣን፤ የእኔ የአንገት ወርቅ አለበት፣ ልጁ ያጠራቀመው አለበት። 250 ሺው ብድር ሆነ። ወለዱ በዓመት 18 በመቶ፣ የመክፈያ ጊዜው 3 ዓመት። በወር 9 ሺህ 38 ብር። የእኔ ደመወዝ ከዚህ ብዙም አይበልጥም። እዚህ ላይ ነበር ቆም ማለት የነበረብኝ።

ብድሩም ወዲያው አልመጣም። በነሐሴ 2015 ብሔራዊ ባንክ የባንኮች የብድር ዕድገት በዓመት ከ14 በመቶ እንዳያልፍ ወስኖ ስለነበር ወረፋው ረጅም ነበር። 4 ወር ጠበቅን። መጠበቁ ጎዳን ብዬ አስባለሁ። ሰው ብዙ ከጠበቀ በኋላ የመጣለትን ወረቀት አያነብም። እጁ ለመፈረም ይቸኩላል።

ግንቦት 2016 ላይ ተጠራን። ያገለገለ ባጃጅ ብቻውን መያዣ አይበቃም ተባለ። ስለዚህ የቤታችንን ካርታ ይዘን ሄድን። ባልና ሚስት አንድ ላይ መፈረም ነበረብን፤ ባለትዳር የሆነ ሰው ብቻውን ለሌላ ሰው ዕዳ ዋስ እንዲሆን ሕጉ አይፈቅድም። የባንኩ ሠራተኛ ወረቀቶቹን ወደኛ አዞረና ጣቱን እያሳየ "እዚህ ጋ እናት፣ እዚህ ጋ አባት" አለን። 7 ቦታ ፈረምኩ። አንዱንም አላነበብኩም። ሰውየው አላብራራልንም፤ እኛም አልጠየቅነውም።

ልጁ ያን ሰዓት አብሮን አልነበረም። የራሱን ፈርሞ ባጃጁን ሊያይ ሄዶ ነበር። ካርታውን ለባንኩ እንደሰጠን አልነገርነውም። ተስማምተን ነው ያልነገርነው። "ጭንቀት እንዳይሆንበት" አልኩ እኔ። "መንገድ ላይ ሐሳብ ይዞት እንዳይጋጭ" አለ አባቱ። ከፍቅር ነበር። አሁን ሳስበው ከፍቅር መሆኑ ስህተቱን አላሳነሰውም።

ስለ ዋስ ሳስብ ሁልጊዜ አባቴ ትዝ ይለኛል። ልጅ ሆኜ ጎረቤታችን የእርሻ በሬ በዱቤ ገዛ። ሻጩ ዋስ ጥራ አለው። አባቴ ተጠራ። ከቅሬው፣ ከመንደሩ እድር፣ ሽማግሌዎች ሦስቱ ተቀምጠው ነበር። አባቴ ቆመና ጮክ ብሎ "እኽሉ ሲገባ ካልከፈለ ላሜን ውሰድ" አለ። ላማችን አንዲት ናት። የምንጠጣው ወተት የእሷ ነው። እኔ ሰማሁ፣ እናቴ ሰማች፣ ሽማግሌዎቹ ሰሙ። ከሁሉም በላይ ያ ጎረቤት ሰማ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በደጃችን ባለፈ ቁጥር ላሟን ሲያያት አይ ነበር። እኽሉ ሲገባ ከማንም በፊት የከፈለው የበሬውን ዕዳ ነው።

እኔ ደግሞ ለገዛ ልጄ ዋስ ስሆን ምን እንዳስያዝኩ ደበቅኩት።

የመጀመሪያዎቹ 5 ወራት ጥሩ ሄዱ። በየወሩ ይከፈላል። ልጁ ማታ ማታ ባጃጁን ሲያጥበው መስኮት ላይ ሆኜ አየዋለሁ። በዚያው ሰሞን ግን የውጭ ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ ሐምሌ 2016 ላይ ነው። የመለዋወጫ ዋጋ በየሳምንቱ ይቀያየር ጀመር። ቤንዚን ለመቅዳት ግማሽ ቀን የሚሰለፍበት ጊዜ መጣ። 2017 አጋማሽ ላይ ሊትሩ 100 ብር አለፈ። መንገድ የሚዘጋበት ቀንም አለ። ባጃጅ የቆመበት ቀን ደግሞ ለባንክ ቀን ነው፤ ወለዱ አይቆምም።

ታህሳስ ማለቂያ ላይ ክፍል ውስጥ እያለሁ ስልኬ ላይ መልእክት ገባ። የሁለት ወር ክፍያ እንዳልተከፈለ ይናገራል። ህዳርና ታህሳስ። ከ18 ሺህ ብር በላይ፣ ከቅጣቱ ጋር። እጄ ላይ የነበረው ጠመኔ ወደቀ። ለተማሪዎቹ መልመጃ ሰጥቼ ወጣሁ።

ማታ ሲመጣ ጠየቅኩት። መጀመሪያ "እከፍላለሁ" አለ። ቀጥሎ ዝም አለ። በኋላ ሁሉም ወጣ። ህዳር ላይ ሞተሩ ወርዶ ነበር። ለመካኒክና ለዕቃ የወሩን ክፍያ አወጣው። ታህሳስ ላይ እመልሰዋለሁ ብሎ አስቦ ታህሳስም ለራሱ አልበቃውም። "ለምን አልነገርከኝም?" አልኩት። የመለሰልኝ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

"እማ፣ ካቃተኝ ባጃጁን ይወስዱታል ብዬ ነው። ባጃጁ ቢሄድ የምጎዳው እኔ ነኝ ብዬ ነው።"

አባቱ ያኔ ተነስቶ ቁም ሳጥኑን ከፈተ። የውሉን ቅጂ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። "አንብበው" አለው። "ጮክ ብለህ አንብበው።"

በዚያ ምሽት ያነበብነውን ወረቀት ከ7 ወር በፊት ማንበብ ነበረብን። አራት ገጽ ነው። ልጄ ያነባል፣ እኛ እንሰማለን፣ ያልገባንን እንደገና ያነባል። "የአንድነት ዋስ" የሚል ቃል ነበረበት። እኔ ከፈረምኩት ቃል ሁሉ ከባዱ ይሄ ነበር። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን፣ በ1952 በወጣው፣ አንቀጽ 1933 ላይ ትርጉሙ ተቀምጧል። ተራ ዋስ ከሆንክ አበዳሪው መጀመሪያ ባለዕዳውን እንዲጠይቅ ማድረግ ትችላለህ። የአንድነት ዋስ ከሆንክ ግን ባለዕዳውን ሳይጠይቅ በቀጥታ ወደ አንተ መምጣት ይችላል። ማለትም ዕዳው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የእኔም ነበር። "ልጄ ካልከፈለ" የሚባለውን ቀን ባንኩ የመጠበቅ ግዴታ የለበትም።

ቀጥሎ ቁጥሩ መጣ። ሕጉ ዋስ የሚሆን ሰው የሚጠየቅበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠን በውሉ ላይ እንዲጻፍ ያስገድዳል፤ አንቀጽ 1922 ነው። ካልተጻፈ ዋስትናው ዋጋ የለውም። በእኛ ውል ላይ የተጻፈው 350 ሺህ ብር ነበር። የተበደርነው 250 ሺህ፣ የፈረምነው ለ350 ሺህ። ወለዱንና ወጪውን እንዲይዝ ነው። እኔ ያን ቁጥር ያየሁት በዚያ ምሽት ነው።

የቤቱ አንቀጽ ላይ ሲደርስ ልጄ ማንበብ አቆመ።

ሁላችንም ዝም አልን። ካርታ ቁጥሩ ተጽፏል፣ የቤቱ ስፋት ተጽፏል። በ1990 የወጣ አዋጅ አለ፤ ቁጥሩ 97 ነው። ባንክ በመያዣ የያዘውን ንብረት ፍርድ ቤት ሳይሄድ፣ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ በሐራጅ መሸጥ ይችላል። ይሄን ለልጄ የነገርኩት እኔ ነኝ፤ ያንኑ ቀን ከሰዓት አንድ የሕግ ባለሙያ ጓደኛዬን ጠይቄ ነበር። ልጁ ወረቀቱን አስቀመጠና ግድግዳውን አየ። ያ ግድግዳ ከጦርነቱ ስንመለስ መስኮቱ ተሰብሮ፣ ዕቃው ወጥቶ ባዶውን ቆሞ ያገኘነው ነው። ኖራ የቀባው እሱ ነው።

"ቤቱ ነው?" አለ። "እኔ እኮ ቤቱን አላወቅኩም።"

አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ። አባቱ ወደ በረንዳ ወጣ።

የአባት ዕዳ ለልጅ ይባላል። የልጅ ዕዳ ለአባት ሲሆን ምን እንደሚባል አላውቅም። ልጅ የማያውቀው ዕዳ ግን እንዴት እንደሚያድግ በዓይኔ አይቻለሁ። ልጄ ሰነፍ አልነበረም። አባካኝ አልነበረም። የሚያጣው ባጃጅ ብቻ መስሎት ነበር። ለባጃጅ የሚደረግ ጥንቃቄና ለእናት ቤት የሚደረግ ጥንቃቄ አንድ አይደለም። ያን ልዩነት የነፈግነው እኛ ነን። አባቴ ላሟን ጮክ ብሎ የጠራት ለዚህ ነበር ብዬ አምናለሁ። የተጠራችው ላም ናት ጎረቤቱን ያስታወሰችው።

ማግስቱን አባቱ ባጃጁ ይሸጥ አለ። እኔ አልፈለግኩም። ሂሳቡን ልጁ ራሱ እንዲያየው ወደ ባንክ አብረን ሄድን። በ5 ወር ከ45 ሺህ ብር በላይ ከፍለናል፤ ከዋናው ዕዳ የወረደው ግን 27 ሺህ ገደማ ነው። ቀሪው ወለድ ነው። በመጀመሪያው ወር ከከፈልነው 9 ሺህ ውስጥ 3,750 ብሩ ለወለድ ሄዷል። እንደዚያም ሆኖ የእኛ ወለድ የሚታሰበው በቀሪው ዕዳ ላይ ስለሆነ እየቀነሰ ይሄዳል። በመጀመሪያው 250 ሺህ ላይ እስከ መጨረሻው ቢታሰብ ኖሮ በ3 ዓመት ውስጥ ወደ 60 ሺህ ብር ተጨማሪ እንከፍል ነበር። 18 በመቶ ሁሉ አንድ አይደለም። ይሄን አንድ ጥያቄ ብቻ እንኳ ከመፈረም በፊት መጠየቅ ያዋጣል፤ ወለዱ የሚታሰበው በቀሪው ላይ ነው ወይስ በመጀመሪያው?

ሁለቱን ወር ከእቁብ ከፈልን። የመምህራን እቁብ ላይ የአንዷን ጓደኛዬን ዕጣ ለምኜ ተቀየርኩ። ውለታዋን አልረሳም።

አንዳንድ ሰዎች ልጃቸው 18 ሳይሞላው መኪና ወይም ባጃጅ በብድር ሊያስገዙት ያስባሉ። እንዲህ ያለውን እኔ አልደግፍም። 18 ያልሞላው ልጅ የፈረመው ውል ሊፈርስ ይችላል፤ ያኔ ዕዳው ወላጅ ላይ ብቻ ይቀራል፤ ስሙ ዋስትና ይባል እንጂ ዋስትና አይደለም። ቨርጂኒያ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ለ19 ዓመት ሴት ልጁ የመኪና ብድር አብሮ ፈርሞ ነበር። እዚያም ነገሩ ያው ነው አለኝ። አብሮ የፈረመ ሰው እኩል ባለዕዳ ነው፤ አንድ ወር ሲዘገይ የሁለቱም የብድር ታሪክ ላይ ይመዘገባል። የእሱ ልጅ ግን ከመጀመሪያው ቀን ታውቅ ነበር። አብራው ተቀምጣ ነው የፈረመችው።

ኢንሹራንሱም ቀድሞ መታወቅ ያለበት ነው። በ799/2005 አዋጅ መሠረት የሦስተኛ ወገን መድን ግዴታ ነው፤ ግን የሚሸፍነው የተጎዳውን ሌላ ሰው ነው። የራስህ ባጃጅ ተገልብጦ ቢሰበር ያ መድን አይጠግነውም። ዕዳው ደግሞ ባጃጁ ቢሰበርም ይቀጥላል። ለራሱ ለባጃጁ ሌላ መድን አስገብተናል። በዓመት የሚከፈለው ያማል፤ ግን አልተውነውም።

አሁን ደብተር አለን። ተራ ባለ መስመር ደብተር ነው፤ በር አጠገብ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል። ሐሳቡ የልጁ ነው። በወር 26 ቀን ቢሠራና በቀን 350 ብር ለብቻ ቢያስቀምጥ 9 ሺህ 100 ይሆናል። ማታ ሲገባ ጫማውን ሳያወልቅ ይጽፋል። አባቱ መጀመሪያ ሰሞን በየማታው ያነበው ነበር። አሁን በሳምንት አንዴ ነው የሚያየው።

ጎረቤቴ ባለፈው ሰሞን መጣች። ልጇ 20 ዓመቱ ነው። እሱም ባጃጅ ፈልጓል። "እትዬ፣ እናንተ አድርጋችሁታል፣ እንዴት ነው?" አለችኝ። ክፉም ደግም አልነገርኳትም። "የዕዳውን ወር በወር ከራስሽ ኪስ መክፈል ትችያለሽ ወይ? እሱን መጀመሪያ አስቢ። ከቻልሽ ልጁን ይዘሽው ነይ። የኛን ውል እዚህ ቁጭ ብሎ ያንብበው። ካርታሽን የምታስይዢ ከሆነ ሳትፈርሚ በፊት ንገሪው። ዓይኑን እያየሽ ንገሪው" አልኳት። ከልጇ ጋር ሁለት ማታ መጣች። ልጁ ሲያነብ የእኔ ልጅ አጠገቡ ተቀምጦ የከበዱትን ቃላት ያስረዳው ነበር። የአንድነት ዋስ የሚለው ጋ ሲደርሱ "እዚህ ጋ ቆይ" አለው።

አሁን የካቲት 2018 ነው። 20 ወር ከፍለናል፤ 16 ይቀራል። ትናንት ማታ ልጄ ዘግይቶ ገባ። ፊቱ አቧራ ነበር። ጠዋት ወጥቶ እስከ ማታ ቤንዚን ተሰልፎ ሳይደርሰው ነው የተመለሰው። ምንም አላለም። ደብተሩን አወረደ፣ እስክሪብቶውን ፈለገ፣ ጻፈና መልሶ ሰቀለው። እጁን ሊታጠብ ሲወጣ ሄጄ አየሁት። ቀኑን ጽፏል። አጠገቡ በደንብ የሚነበብ 0 አለ። ከሥሩ "ቤንዚን አልደረሰኝም" ይላል። ከሰሉ ላይ ጀበናውን ጣድኩለት።